የተማሪ መኪና በማን ደንብ ይዳኛል?

የእሽቅድምድም መኪና ለሚሠሩ ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

ስለ ጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችሁ በቅርቡ ራሳችሁ የበየዳችኋትን መኪና ይዛችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ክለብ አውቶክሮስ፣ ማለትም በኮኖች በተሰመረ መንገድ ከሰዓት ጋር ወደሚነዳበት የክለብ ውድድር፣ ትሄዳላችሁ። ስለ ፍጥነት የሚያስተምራችሁ ሰው አታጡም። እኔ የመጣሁት ስለ ክርክር ላወራ ነው፤ በኮኖቹ መካከል ከሚጠፋው ሰዓት ይልቅ በፍተሻው ጠረጴዛ ዙሪያ የሚጠፋው ብዙ እንደሆነ ስላየሁ ነው። ተማሪ ሆኜ መኪና ሠርቻለሁ፣ ከተመረቅሁ በኋላ አሽከርክሬያለሁ፣ ከዚያም ለዓመታት በቴክኒክ ፈታሽነት አገልግያለሁ። በሦስቱም ቦታ ተከራክሬያለሁ፤ በሦስቱም ቦታ የተሳሳትኩበት ጊዜ አለ።

ከአንዱ ስህተቴ ልነሳ። ተማሪዎች ራሳቸው በሠሩት መኪና በሚወዳደሩበት በፎርሙላ ኤስ.ኤ.ኢ. ደንብ፣ አሽከርካሪው ሄልሜቱን አጥልቆ ቀበቶውን አስሮ ሲቀመጥ፣ ከጀርባው ከቆመው ዋና የብረት ቅስት ጫፍ እስከ ፊተኛው ቅስት ጫፍ ክር ቢወጠር፣ ሄልሜቱ ከክሩ ቢያንስ 50 ሚሊሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ መገኘት አለበት። ምክንያቱን ለናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። መኪናዋ ብትገለበጥ መሬቱን የሚነኩት ሁለቱ ቅስቶች እንዲሆኑ ነው፤ ጭንቅላት እንዳይሆን።

እኛ በተማሪነታችን ያንን ልክ በትክክል አልፈናል። ፍተሻ ማለፏን የሚያሳየው ተለጣፊም በመኪናዋ አፍንጫ ላይ ተለጥፏል። እኔ ግን በዚያ ዓመት የቡድኑ አሽከርካሪ አልነበርኩም፤ ሥራዬ የሞተር ክፍሉ ላይ ነበር። ከተመረቅን በኋላ ያቺኑ መኪና ይዘን ወደ አንድ ክለብ ውድድር ስንሄድ መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ጥሩ ሰዓት አስመዘገብኩ። ወዲያው አንድ በዕድሜ የገፉ ተወዳዳሪ ክስ አስያዙ። ክሩ ተወጠረ። ሄልሜቴ ከክሩ በታች ነው፤ ግን ጣት የምታህል ቦታ እንኳ አልቀረችም። ተለጣፊውን እያሳየሁ «መኪናዋ እኮ ተፈትሻ ያለፈች ናት» አልኩ። እሳቸውም «ያለፈችው ያኔ ከተቀመጡባት ልጆች ጋር ነው፤ አንተን ማን ለካህ?» አሉኝ። ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ውጤቴ ተሰረዘ። በጣም ተናድጄ ነበር፤ ንዴቴም ሳምንታት ፈጅቷል።

ይህን ታሪክ ያመጣሁት ነገሩ ሁሉ በውስጡ ስላለ ነው። የተማሪ መኪና በአንድ ቤት ደንብ ትወለድና በሌላ ቤት ደንብ ትዳኛለች። ክርክሩ የሚፈላው በሁለቱ ቤቶች ደጃፍ መካከል ነው።

የተወለደችበትን ቤት ታውቁታላችሁ። ፎርሙላ ኤስ.ኤ.ኢ. በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ሲጀመር ሐሳቡ ተማሪው መኪና ነድፎ፣ ሠርቶ፣ ወጪውን አስልቶ፣ በዳኞች ፊት እንዲሟገትላት ነበር። ዛሬም ከ1000 ነጥብ ውስጥ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው የሚገኘው መኪናዋ ቆማ ነው፤ ለንድፍ 150፣ ለወጪ 100፣ ለንግድ ማብራሪያው 75። አውቶክሮሱ ራሱ 125 ነጥብ ነው። ደንቡም ለዚሁ የተጻፈ ነው፤ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ከ1525 ሚሊሜትር እንዳያንስ፣ ጎማዎቹን ከመኪናዋ ጋር የሚያያይዘው ሱስፔንሽን ቢያንስ 50 ሚሊሜትር እንዲንቀሳቀስ፣ መኪናዋ በማዘንበያው ጠረጴዛ ላይ 60 ዲግሪ ስታዘነብል እንዳትገለበጥ፣ በፍሬን ፈተናው አራቱም ጎማዎች እንዲቆለፉ። የሞተሩ መጠን ድሮ 610 ሲሲ ነበር፤ በኋላ 710 ሆነ። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ያቺ 20 ሚሊሜትር ቀዳዳ አለች፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ይህ ደንብ ለኮን መንገድ የተመቸች ፍጡር አስገኘ። ክብደቷ ያለ ሰው ወደ 200 ኪሎ ግራም፣ ጠባብ፣ አጭር፣ መሬት ቆንጥጦ የሚይዝ ጎማ ያላት። ክለብ አውቶክሮስ ላይ ስትቀርብ አማካይ ፍጥነቱ ዝቅተኛ በሆነው፣ ጥምዝ በበዛበት መንገድ ላይ ከእሷ አምስት እጥፍ የሚመዝኑትን፣ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ገንዘብ ያፈሰሱባቸውን መኪኖች ትቀድማለች። የተሸነፈው ሰው ደግሞ ወደ ደንብ መጽሐፉ ይሄዳል። መብቱ ነው። በዚህ ቅር አትሰኙ፤ እናንተም ነገ በሌላው ላይ ይህንኑ ታደርጋላችሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ሁለቱ ቤቶች ደንብ የሚያነቡበት መንገድ ይለያያል። በፎርሙላ ኤስ.ኤ.ኢ. የደንቡን ዓላማ መጣስ ደንቡን እንደ መጣስ ይቆጠራል፤ ይህ በግልጽ ተጽፏል። ቃሉን አክብሬያለሁ ብላችሁ ማምለጥ አትችሉም። በክለብ አውቶክሮስ በተለይ ከፋብሪካ በወጡ መኪኖች ምድብ የኖረው ልማድ ግን ቃሉን ይይዛል፤ ይቻላል ተብሎ ካልተጻፈ አይቻልም። አንዱ «ይህ አንቀጽ ለምን ተጻፈ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላው «የት ላይ ተጽፏል?» ይላል። በመጀመሪያው ቤት ያደገ ተማሪ ሁለተኛው ቤት ሲገባ ዓላማን እያነሳ ይሟገታል፤ ፈታሹ ገጽና ቁጥር ይጠይቀዋል። ሁለቱም ቅን ሆነው ሳለ አይደማመጡም።

የዚህን ክፍተት አደጋ ከሚያሳዩት ሁሉ እኔ የምመርጠው እ.ኤ.አ. የ1978ቱን የብራብሃም ቡድን መኪና ነው። በፎርሙላ 1 መኪናውን በአየር ኃይል ወደ መሬት የሚጫን ተንቀሳቃሽ መሣሪያ የተከለከለ ነበር። የብራብሃሙ ንድፍ አውጪ ጎርደን መሬይ ከመኪናው ኋላ ትልቅ ማራገቢያ ገጠመ። ማራገቢያው ራዲያተሩን ያቀዘቅዛል ተባለ፤ እውነትም ያቀዘቅዛል። ግን ከመኪናው ሆድ ሥር ያለውን አየር እየሳበ መኪናውን ከመሬት ጋር ያጣብቀዋል። የቡድኑ አሽከርካሪ ኒኪ ላውዳ በስዊድን አንደርስቶርፕ በዚያ መኪና አሸነፈ። ውጤቱ ጸና፤ መኪናው ግን ከዚያ በኋላ አልተወዳደረም። በቃሉ ካያችሁት መልስ አለው፤ በዓላማው ካያችሁት የለውም። የናንተ ደንብ ከዚህ ተምሮ፣ ከመኪናዋ ሥር አየር የሚያንቀሳቅስ ማንኛውንም በኃይል የሚሠራ መሣሪያ ከልክሎ፣ ለማቀዝቀዣ ብቻ የተሠራውን ማራገቢያ ለይቶ ፈቅዷል። «ብቻ» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። አንቀጹን የተሸከመው እሱ ነው።

ወደ 20 ሚሊሜትሯ ቀዳዳ እንመለስ። ሬስትሪክተር እንላታለን። ሞተሩ የሚስበው አየር ሁሉ በእሷ አንገት ማለፍ አለበት፤ በኤታኖል ድብልቅ ለሚሠራ ሞተር ደግሞ 19 ሚሊሜትር ናት። አየሩ በአንገቷ ላይ የድምፅን ፍጥነት ሲደርስ ከዚያ በላይ አይጨምርም። ሞተሩ የፈለገውን ያህል ቢሽከረከር በሰከንድ ከ74 ግራም ገደማ በላይ አየር አያገኝም። ስለዚህ ከሞተር ሳይክል የተወሰደ ባለ 600 ሲሲ ሞተር በተፈጥሮው ከ100 በላይ የፈረስ ጉልበት እያለው በናንተ መኪና ላይ ታንቆ ይኖራል። ያንን ሞተር ለማስተካከል ሌሊት ያደረ ልጅ ሁሉ አንድ ቀን ቀዳዳዋን አውልቆ ቢያየው ይመኛል። እኔም ተመኝቻለሁ።

በክለብ አውቶክሮስ ያን ማድረግ ይቻላል ወይ? የተጋጋለው ክርክር ያለው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን መኪናዋ የተማሪ መኪና የምትባለው በተማሪ ውድድር ደንብ ስለ ተሠራች ነውና ሬስትሪክተሯ ከወለቀ ስሟም ወለቀ ይላል። ሌላው ወገን ሬስትሪክተሩ የተማሪ ውድድር ሜዳ ላይ ፍጥነትን ለመግታት የተጻፈ ነው፤ ክለቡ የራሱ የደኅንነት ደንብ ስላለው እዚህ ምን ያደርጋል ይላል። በአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ የሶሎ ደንብ (ክለቡ አውቶክሮስን ሶሎ ይለዋል) ውስጥ ኤ ሞዲፋይድ የሚባል በጣም ልቅ የሆነ ምድብ አለ፤ በገዛ እጅ የተሠሩ እንግዳ መኪኖች የሚገናኙበት ነው። የኔ አቋም ግልጽ ነው። ሬስትሪክተሩን ማውለቅ ነውር የለበትም፤ ግን ባወለቃችሁበት ቀን ወደ ልቁ ምድብ ሂዱ። ለተማሪ መኪኖች ተብሎ በተለየ ምድብ ገብቶ፣ ታንቃ ከመጣች የሌላ ትምህርት ቤት መኪና ጎን ቆሞ፣ ታንቆ እንደ መጣ ሰው ዋንጫ መቀበል ግን ስርቆት ነው። ቃሉን አላለዝበውም።

ሬስትሪክተር ላይ ማታለል ምን ያህል ሊረቅ እንደሚችል ማወቅ ለሚፈልግ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በዓለም የራሊ ሻምፒዮና የሆነውን ልንገራችሁ። የዚያን ጊዜ ወደ ሞተሩ አየር በሚገፋው ተርቦ ላይ የሚታሰረው ሬስትሪክተር 34 ሚሊሜትር ነበር። በስፔን ካታሎንያ ራሊ ላይ የቶዮታ ቡድን መኪኖች ሲፈተሹ፣ ሬስትሪክተሩ ከተርቦው ጋር ሲታሰር በስፕሪንግ ተገፍቶ ፈቀቅ እንደሚልና በጎኑ አየር እንደሚያስገባ ተገኘ። ፈታሽ ሊለካው ሲፈታው ደግሞ ራሱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቡድኑ ነጥቡ ተሰርዞ ለ12 ወራት ታገደ። የዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን ሰዎች ራሳቸው በሥራው ጥበብ ተደንቀዋል። እኔም እደነቃለሁ፤ ግን ያንን የመሰለ እጅ ያለው መካኒክ ያን ሁሉ ጥበብ ለምን እዚያ ላይ እንዳዋለው ባሰብኩ ቁጥር አዝናለሁ።

በተማሪ መኪና ላይ ግን እንዲህ ያለ ተንኮል ገጥሞኝ አያውቅም። የገጠመኝ ሌላ ነው፤ ለዳኛ ደግሞ የበለጠ ከባድ ነው። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያከፋፍለውን ዕቃ በሦስት አውታር (3D) ማተሚያ የሚሠሩ ቡድኖች አሉ። ከጥቂት ወራት ሙቀትና ንዝረት በኋላ መገጣጠሚያው ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ይወጣል። ስንጥቁ ከሬስትሪክተሩ በኋላ ስለሆነ ሞተሩ ያልተለካ አየር በዚያ በኩል ይስባል። ፍተሻው ቀላል ነው፤ ሞተሩ እየሠራ የመግቢያውን አፍ መዝጋት። ሁሉ ነገር ጥብቅ ከሆነ ሞተሩ ይጠፋል። አንድ ጊዜ ዘግቼ፣ ሞተሩ እያቃሰተ መሥራቱን ቀጠለ። ልጆቹ ፊታቸው ደረቀ። አላወቁም ነበር፤ ከዓይናቸው ገብቶኛል። ደንቡ ግን አየር ሁሉ በቀዳዳዋ ይለፍ ይላል፤ ሳታውቁ ቢሆን ይለፋችሁ አይልም። ውጤታቸውን ሰረዝኩ። ማታ አብሬያቸው ቁጭ ብዬ ስንጥቁን በሳሙና አረፋ ፈለግን። ያን ውሳኔ ዛሬም ቢሆን እደግመዋለሁ፤ ሲከብደኝ ግን ኖሯል።

ሁለተኛው ትልቅ የክርክር ምንጭ ዓመት ነው። መኪና አንዴ ከተሠራች ለዓመታት ትኖራለች፤ ደንብ ግን በየጊዜው ይታደሳል። መኪናዋን በአየር ወደ መሬት የሚጫነውን ክንፍ ውሰዱ። የአውስትራሊያው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ትልልቅ ክንፍ ሲገጥም፣ በዚህ ዝቅተኛ ፍጥነት ክንፍ ክብደት ከመሆን በቀር ምን ይጠቅማል ያሉ ብዙ ነበሩ። ጥቅሙ እየታየ ሲሄድ ክንፎቹ አደጉ፣ ተቆለሉ። እ.ኤ.አ. የ2015ቱ ደንብ መጠናቸውን ገደበ። ታዲያ ከዚያ በፊት ሕጋዊ የነበረች ባለ ትልቅ ክንፍ መኪና ዛሬ ክለብ ሜዳ ላይ ስትቀርብ በየትኛው ዓመት ትዳኝ?

እኔ የምለው እንዲህ ነው። የክለቡ ደንብ ዓመቱን ከጠቀሰ እሱ ይጸናል፤ ክርክር የለም። ካልጠቀሰ፣ በተሠራችበት ዓመት ደንብ ትታይ፤ ግን ከያኔ ወዲህ የተነካ ነገር ሁሉ በተነካበት ዓመት ደንብ ይታይ። አሮጌ ሻንሲ ላይ አዲስ ክንፍ ሰቅሎ «መኪናዋ እኮ የድሮ ናት» ማለት አይሆንም። በዚህ የማይስማሙኝ ፈታሾች አሉ፤ መኪና አንድ አካል ናት፣ ተቆራርጣ አትዳኝም ይላሉ። የእነሱ መንገድ ለመዳኘት ይቀላል፤ የኔ ግን ለእውነት የቀረበ ይመስለኛል።

ስለዚህ ወረቀታችሁን ያዙ። የተሠራችበትን ዓመት ደንብ መጽሐፍ፣ ለሻንሲው ያስገባችሁትን የጥንካሬ ሰነድ፣ የብረቱን የግዢ ደረሰኝ። ዋናው ቅስት 25 በ2.5 ሚሊሜትር የብረት ቱቦ ነው ስትሉ የግድግዳውን ውፍረት ፈታሹ በዓይኑ አያየውም። ኮን መትታችሁ የተጣመመ ቱቦ ቆርጣችሁ ከተካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑን ጻፉ። ቡድናችሁ በየዓመቱ ይቀየራል፤ የበየደው ልጅ ተመርቆ ሲሄድ እውቀቱም አብሮት ይሄዳል። ከክርክሮቹ ግማሽ ያህሉ ማስረጃ ባለመኖሩ ብቻ የሚነሱ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ማን ያሽከርክር የሚለውን በአጭሩ ላንሳ። በተማሪ ውድድር አውቶክሮስ ሁለት አሽከርካሪዎች ሁለት ሁለት ዙር ይነዳሉ፤ ሁሉም ተማሪ ናቸው። በክለብ ግን አሥር ዓመት የነዳ የቀድሞ ተማሪ ሊመጣ ይችላል። ክለቡ ከፈቀደ ይንዳ። ብቻ መኪናዋ የተለካችው ለማን እንደሆነ አይርሳ፤ እኔ ረስቼ ምን እንደ ደረሰብኝ ሰምታችኋል።

ቅጣቱም ይለያያል፤ በዚህ ብዙ ልጆች ይደነግጣሉ። ኮን መምታት በሁለቱም ቤት 2 ሰከንድ ነው። በር፣ ማለትም በሁለት ኮኖች መካከል ያለውን ማለፊያ፣ መሳት ግን በተማሪ ውድድር 20 ሰከንድ ሲያስጨምር፣ በክለብ ዙሩን በሙሉ ያሳጣል። በሰከንድ ሺህኛ በሚለያይ ውጤት መካከል ቆሞ «20 ሰከንድ ጨምሩልኝ» ብሎ የሚለምን ተማሪ አይቻለሁ፤ ከልቡ ነበር የሚለምነው።

አሁን ስለ ክሱ ራሱ። ክስ ሲባል ጠብ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ይህን ሐሳብ ዛሬ እዚሁ ተዉት። በፎርሙላ ኤስ.ኤ.ኢ. ክስ የሚያቀርብ ቡድን 25 ነጥብ ያስይዛል፤ ክሱ ውድቅ ከሆነ ነጥቡን ያጣል። ውጤት ከተለጠፈ በኋላ ያለው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ነው። ይህ ሥርዓት የተሠራው ሰው ያመነበትን በጽሑፍ፣ በስሙ፣ ዋጋ ከፍሎ እንዲናገር ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ክስ ያስያዘው ሰው አይደለም። ከመኪናው ጀርባ ቆሞ «እነዚህ ልጆች እኮ ያጭበረብራሉ» እያለ የሚያንሾካሹከው ነው። የሱን ወሬ ማንም አይለካውም፤ መኪናችሁም ከእሱ አፍ ነጻ የምትወጣበት ቀን የለም። ክስ ያስያዙብኝ ሽማግሌ ግን ጉዳዩን በአንድ ክር ጨረሱት።

ከክስ በፊት ደግሞ ጥያቄ አለ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ደንቡ አሻሚ ሆኖ ካገኛችሁት፣ ቱቦው ሳይቆረጥ ለደንብ ኮሚቴው ጻፉ። የአሜሪካው ክለብ የሶሎ ጉዳዮች ቦርድ ከአባላት ደብዳቤ ይቀበላል፤ ደንቡ ራሱ የሚሻሻለው በእነዚህ ደብዳቤዎች ነው። የተማሪ ውድድሩም የደንብ ጥያቄ የሚቀበልበት መንገድ አለው። መልሱን በጽሑፍ ያዙ። «ባለፈው ዓመት አንድ ፈታሽ ችግር የለውም ብሎኛል» የሚል መከላከያ ሰምቼ ተቀብዬ አላውቅም፤ ፈታሹ እኔ ራሴ ሆኜ እንኳ። ጥያቄውን ስትጽፉም የምትፈልጉትን መልስ ለማስነገር አጣማችሁ አትጻፉ። ሥዕሉን አያይዙ፣ ልኩን ጻፉ፣ ያሰባችሁትን ሁሉ ግለጡ። ግማሹን ደብቆ የተገኘ ፈቃድ ክርክር በተነሳ ቀን አያድናችሁም።

የጀመርኩትን ታሪክ ልጨርስላችሁ። ውጤቴ ከተሰረዘ በኋላ ሽማግሌው ወደ መኪናችን መጡ። እኔ ቀና ብዬ አላየኋቸውም። መቀመጫው ሥር ያለውን ስፖንጅ በጣታቸው ጫን ጫን አድርገው፣ ይህ ከየት መጣ አሉኝ። ለጀርባዬ እንዲመቸኝ እኔው የጨመርኩት ነበር። ሲነሳ ሄልሜቴ ዝቅ አለ፤ ግን አሁንም አልበቃም። መቀመጫውን እንደ ገና መሥራት ያስፈልግ ነበር፤ ለዚያ አንድ ወር ፈጀብን። ሲሄዱ የወጠሩትን ክር ጠቅልለው ሰጡኝ።

ክሩ ይኸው፣ ኪሴ ውስጥ ነው። መኪናችሁ ውጭ እንደቆመች አይቻለሁ። ከመካከላችሁ በጣም ረጅሙ አሽከርካሪ ማነው? ሄልሜትህን ይዘህ ና፤ አንድ ሰው መለኪያውን፣ ካሊፐሩን፣ ያምጣ።